ከነጠላ የተለካ ብርሃን

ጥቅምት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዛሬ አባዬ ብርሃን ጠየቀኝ። የእጁን ጀርባ ወደ በሩ ዘርግቶ እያየ፣ «ኢልሃም፣ ስንት ትያለሽ?» አለኝ።

እኔ ሳውቀው ብርሃን የሚለካው እንዲህ ነው። የእጁን ጀርባ ያያል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ የፊልም ካሜራውን፣ የያሺካዋን ቀለበት ያዞራል፣ ያነሳል። የካሜራዋ የራሷ መለኪያ መርፌ የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው። ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ድሮ ፎቶ ቤታችን የሚመጡ ሰዎች «የሷሊሕ እጅ ፀሐይን ያውቃታል» ይሉ ነበር።

«ስምንት ይመስለኛል» አልኩ። እንዲያው ዝም ላለማለት ነው። እኔ የምሠራው በዲጂታሉ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ምን ብርሃን ማወቅ ይጠይቃል! እሱ «ስምንት» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ እጁን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ እንደገና አየው። የዓይን ግፊቱ ዳር ዳሩን በልቶበታል። ሐኪሙ ለእኔ ብቻ፣ «አባትሽ የሚያየው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ በሆነች ነገር ነው» ብሎኛል።

ለማን እንደሚለካ አልነገረኝም። እናቴን ሊያነሳት ነው።

ጥቅምት 12

እማዬን ከሐኪም ቤት አወጣናት። ጉበቷ ነው። «ቤቷ ሆና ትረፍ» አሉን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለእኔም ለወንድሜ ለሙስዓብም ገብቶናል። ባጃጁ ውስጥ ግን ስለ መንገዱ አቧራ ስናወራ ቤት ደረስን።

ማታ ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት። «ሷሊሕ፣ ጎንደርን በሙሉ አንስተህ እኔን ረሳኸኝ አይደል? ከሸማኔ ቤት የታረዝኩ እኔ ብቻ ነኝ» ትለዋለች። ቀልዷን ነው። እሱ ግን አልሳቀም። «አነሳሻለሁ፤ ወላሂ አነሳሻለሁ። ትንሽ ብቻ በርቺልኝ» አላት።

እውነቷን ነው። አባቷ ሼህ ነበሩ፤ ለሠርጓ ፎቶ አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ እኛ መጣን፤ ከዚያ ሥራው በዛ፤ ከዚያ «ነገ፣ ነገ» ተባለ። ያላት ፎቶ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱም ማኅተሙ ፊቷ ላይ አርፎ፣ ከአፍንጫዋ በታች ያለው ሁሉ ሐምራዊ ነው።

ጥቅምት 17

ሙስዓብ ፒያሳ ካለው የሞባይል ሱቁ መጥቶ ስልኬ ላይ የብርሃን መለኪያ ጫነልኝ። ስልኩን ወደ ነገሩ ታዞሪያለሽ፤ ለፊልሙ የሚያስፈልገውን ቁጥር ይነግርሻል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ወደ ፊልሙ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። በቃ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የተማረውን ነገር ስልኬ ሳል እንኳ ሳይል ተናገረው።

«እኔ የማይገባኝ» አለ ሙስዓብ፣ «ይህ ስልክ ብርሃን መለካት ከቻለ ራሱ አያነሳትም? ሰው በፈረስ ተቀምጦ ሌላ ፈረስ ይጠራል?»

እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማችው። ጠራችኝ። እጄን ይዛ፣ «በስልክም በዚያ በአዲሱ ካሜራም እንዳታነሺኝ። ወላሂ በዪ» አለችኝ። እህቷ ታማ ሳለ አንዱ በስልኩ አንስቷት፣ ያ አጥንቷ የወጣ ፊቷ ጅዳ ድረስ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ኖሯል። እማዬ ያየችው ለቅሶ ቤት፣ የማታውቃት ሴት ስልክ ላይ ነው። «እኔን አባትሽ ያንሳኝ። ወረቀቴ ከቤቴ አይውጣ።»

ወላሂ አልኩ።

ጥቅምት 24

ፊልም ጠፋ። አዲስ አበባም ተፈልጎ የለም። ቤት ውስጥ ያለው ሁለት ጥቅል ነው፤ ጊዜው ያለፈበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጋር የኖረ። አንዱን ለሙከራ፣ አንዱን ለእማዬ ብለን ተስማማን።

ለሙከራው ጎረቤታችንን ወይዘሮ ታየችን አጥር ሥር አስቀመጥናት። ባሏ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ጥቁሯን እንደለበሰች ናት። «እኔን መሞከሪያ አረጋችሁኝ? ይሁን፣ ለእናትሽ ለዙበይዳ ከሆነ ቆዳዬንም ውሰዱት» አለች። ስልኩ የነገረኝን ቁጥር እኔ ሞላሁ፤ አባዬ ጥቅሉ እስኪሞላ ተጫነ።

ጥቅምት 26

ፊልሙን አጠብን። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አባዬ ሌላ ሰው ነው፤ እጁ ሁሉንም ያውቃል። «እዚህ እንኳ እኔና አንቺ እኩል ነን» አለኝ። የደረቀ ሳቅ ሳቀ።

የታየች ፎቶ ሸጋ ወጣ። የፊቷ መስመር አንድ አልቀረም። ለአባዬ ነገርኩት። ያሺካዋን አንስቶ በመሀረቡ ጠረጋትና ጭኔ ላይ አስቀመጣት። «ከእንግዲህ ብርሃኑ ያንቺ ነው። እኔ ተጫን ስትዪኝ እጫናለሁ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 4

እማዬ አልበላችም። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል።

ኅዳር 7

አባዬ «ትንሽ ሥጋ ታብጅና እናነሳታለን» ይላል። በየቀኑ ይህን ይላል። አክስቴ ዐዚዛ በር ላይ፣ «ወንድሜ ምን እየጠበቀ ነው?» አለችኝ። እኔም አላውቅም። ለምን እንደማልገፋው ግን አውቃለሁ፤ ፎቶው ከተነሳ የምንጠብቀው ነገር አይኖርም።

ኅዳር 18

ዛሬ ራሷ ተነሳች። «የዛሬው ፀሐይ ሸጋ ነው፤ አውጡኝ» አለች። አክስቴ ዐዚዛ አጠበቻት። ሻሿን ራሷ አሰረች፤ ሦስት ጊዜ ፈትታ መልሳ አሰረችው። ከሣጥኗ ያንን ለዒድ ብቻ የምትለብሰውን፣ ጥበቡ አረንጓዴ የሆነውን ነጠላ አስወጣች፤ ከራሷ እስከ ጉልበቷ ተከናነበችው። ጀርባዋን ለኖራው ግድግዳ ሰጥተን ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ከሳች እንጂ አማረች። ወላሂ አማረች።

አባዬ ያሺካዋን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያዋ ላይ አቁሞ አጎንብሶ መስታወቷን ሲያይ፣ «ሷሊሕ፣ ወዲህ ነኝ፤ ግድግዳውን ነው እንዴ የምታነሳው?» አለችው። እሱም «አንቺን ለማግኘት ድሮም ብዙ ዞሬያለሁ» ሲላት ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ስንት ጊዜዋ ነው። ፎቶው ውስጥ ያ ሳቅ አለ። ያኔ ነው የተጫነው።

ብርሃኑን የለካሁት እሱ ከመጫኑ በፊት ነው። ስልኩን ወደ ፊቷ ሳስጠጋ ፊቷን መለስ አደረገችና በነጠላዋ ጫፍ ልትሸፍን ቃጣት። «እያነሳሁሽ አይደለም እማዬ፣ መለካቴ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ ልጄ፤ ቢሆንም ራቅ በዪልኝ» አለች። ራቅ አልኩ። ካሜራዋ አጠገብ ቆሜ ለካሁ። ስልኩ አስራ አንድ አለ፤ አስራ አንድ ላይ አደረግሁት። ሦስት ጊዜ አነሳናት። ከዚያ ደከማት።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ይህን ልጽፈው ይገባኛል፤ ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 20

«ፊልሙን እንጠበው» አልኩት አባዬን። «ገና ዘጠኝ ፎቶ ይቀረዋል» አለኝ። እዚህ ቤት ያልሞላ ፊልም ታጥቦ አያውቅም፤ ግማሽ ፊልም ማጠብ ለእሱ እንጀራ እንደ መድፋት ነው። «እሑድ ደግሞ እንቀጥላለን፤ አንቺና ሙስዓብ አጠገቧ ቁሙ፤ ዐዚዛም ትግባ። ያኔ ይሞላል።»

እሺ አልኩ። ምን ቸገረኝ፣ እሑድ ሩቅ አይደለም።

ኅዳር 22

እማዬ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሒ ላይ ሄደች። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። የቀትሩ ዝሁር ሳይደርስ ቀበርናት።

ኅዳር 25

ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። «አላህ ይማራት፣ ሶብሩን ይስጣችሁ።» አሜን፣ አሜን፣ አሜን። ሁለት ሴቶች ጫማቸውን ሲፈልጉ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

«የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና አንድ ፎቶ የላትም ይላሉ።»

«አላቸው እንጂ። ልጅቷ አንስታታለች፤ ገና አልወጣም እንጂ።»

ሄጄ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም።

ታኅሣሥ 2

ፊልሙን አጠብን። አባዬ ግማሹን ባዶ ፊልም እያሻሸ «ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው» አለ።

ታጠበ። ደረቀ። ደክሞኛል።

ታኅሣሥ 3

ፎቶውን በወረቀት አወጣሁት። ነጠላዋ በጣም ጥሩ ወጥቷል። ጥበቡ ላይ ያለው መስቀለኛ አሠራር አንድ በአንድ ይታያል። ክሩ ይቆጠራል። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ የቀለበቷ ጫፍ ትንሽ ያበራል። ወንበሩም ጥሩ ነው። ከግድግዳው ኖራ የተላጠችው ቦታ ሳትቀር ታይታለች።

ሦስቱንም አወጣኋቸው። ሦስቱም አንድ ናቸው።

ታኅሣሥ 4

አባዬ «እህስ?» አለኝ።

«አምራለች» አልኩ።

«ሦስቱም?»

«ሁለተኛው ይበልጣል። የሳቀችበት።»

ወረቀቱን ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ወስዶ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብሎ ሲያዞረው ቆየ። የዳር ዳሩን ስለማያይ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። «ብርሃኑን ከየት ነበር የለካሽው?» አለኝ። «ከፊቷ» አልኩ። «ደግ» አለ። ከዚያ «ከፊት ነው እንጂ፣ ከፊት ነው የሚለካው» አለ፤ ለራሱ ይመስላል። ፎቶውን መስታወት አስገብቶ ሳሎን እንዲሰቀል አዘዘኝ።

ምን ልበለው? ዓይኑ እያለቀ ነው፤ ሚስቱ አለቀች። አምራለች አልኩ።

ታኅሣሥ 9

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ልጻፈው።

ፊቷ የለም። ኔጋቲቩ ላይ ፊቷ ያለበት ቦታ እንደ መስኮት መስታወት ባዶ ነው፤ ምንም አልያዘም። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ከሻሹ ሥር ጥቁር ነው። የማተሚያውን ብርሃን ማሳነስም ማብዛትም ሞክሬ ወረቀት ጨረስኩ። የሌለ ነገር ከየት ይመጣል!

እንዴት እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ስልኩ ያየው ነጠላዋንና ግድግዳውን ነው። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ያበራል። «ብርሃን በዝቷል፣ ቀንሺ» አለኝ፤ ቀነስኩ። ለነጠላው ልክ ነበር። የታየች ፎቶ ልክ የወጣው ጥቁር ስለለበሰች ነው፤ የለቅሶ ልብስ ነው ያታለለኝ። አባዬ ለምን የእጁን ጀርባ ያይ እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄው ቢሆን! እጅ እንደ ፊት ነው፤ እጅ ነጠላ አይለብስም። የራሴን እጅ ፀሐዩ ላይ ዘርግቼ ስልኩን ባስጠጋበት ይበቃ ነበር።

ሌላም አለ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አባዬ ሲያስቃት እንኳ ወደ እሷ እንደያዝኩት ነበር፤ ፊቷ እየሳቀ እስክሪኑ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጣቴን አንድ ጊዜ ማሳረፍ ነበር የቀረኝ። ወላሂ ብያት ስለነበር አላሳረፍኩም። መሐላዬን ጠብቄ እናቴን አጣኋት። ባፈርሰውስ ኖሮ? እሷ ይቅር ትለኝ ነበር። ትለኝ ነበር? አላውቅም።

የማውቀው ሞኝ መሆኔን ነው።

ታኅሣሥ 15

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ዛሬ የመጡ የአባዬ ጓደኞች ፎቶው ፊት ቆመው፣ «ማሻአላህ፣ ቁርጥ እሷን! ልጅቷ እጇ ይባረክ» አሉ። ትናንት ታየችም እንዲሁ አለች፤ ያቺ እውነት ካልተናገረች ምግብ የማይወርድላት ታየች። አክስቴ ዐዚዛ እንኳ ወደ ፎቶው ሳታይ «አምሮባታል» አለች።

ሰው ሁሉ ዋሾ ሆነ? ወይስ ለአባዬ አዝነውለት ነው? ለአባዬ ብለው ይሆናል። እኔም ለእሱ ብዬ አይደል።

ታኅሣሥ 22

ሙስዓብ ፎቶውን ከግድግዳ ሊያወርደው ተነሳ። «ይህን ሳይ የምሞት ይመስለኛል» አለ። «አባዬስ?» አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ እኔ ሳያይ፣ «አዎ፣ አባዬስ» አለ። የሆነ ነገር ሊነግረኝ የፈለገ መሰለኝ።

ጥር 2

አያ ቢያዝን ዛሬ ከዳባት ወረደ። የአባዬ የቆየ ወዳጅ ነው። የሠርጉን ፎቶ አባዬ ነው ያነሳው፤ ጥምቀት ሲቃረብ ቅል ቅቤ ይዞ ሳይመጣ የቀረበት ዓመት የለም። የእማዬን መሞት የሰማው እዚሁ ገበያ ደርሶ ነው። ከአባዬ ጋር ፎቶ ቤቱ በር ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው ሲላቀሱ ቆዩ። ከዚያ ቤት ገባ።

ፎቶው ፊት ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ፣ ከመስማር አውርዶ ወደ በሩ ብርሃን ይዞት ወጣ፣ አገላበጠው። ተመልሶ መጣና ልክ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሸጋ ነው። ሸጋ ፎቶ ነው። ኢልሃም ሸጋ አርጋ አንስታታለች፤ ፊቷ ቁርጥ እሷን ነው» አለ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ፣ «ይኸው ነው በል ያልከኝ አይደል፣ ሷሊሕ? የተውኩት አለ?»

አባዬ እጁን ወደ እሱ አወናጨፈ።

«አንተ ሰው» አለ አባዬ።

«ምነው? ምን አጠፋሁ? አንተው አይደለህ፣ ‹ልጄ እንዳታዝንብኝ እንዲህ በልልኝ› ያልከኝ?»

አባዬ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አያ ቢያዝን ፎቶውን አቅፎ እንደቆመ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል።

እንግዳው ከሄደ በኋላ አባዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አልኩት።

«ወረቀቱን የሰጠሽኝ ዕለት። ቀዳዳዋ ጠበበች እንጂ አልተደፈነችም። ነጠላዋን አገኘሁ፣ እጇን አገኘሁ። እየዞርኩ ፈለግኋት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ግማሽ ፊልም አይታጠብም ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ብናጥበው ኖሮ እንደገና እናነሳት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ፊልም ቆጥቤ…» አለና አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርሰው አልጠየቅሁትም።

ጥር 3

ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሙስዓብም። ቤት ቤቱ እየዞረ የለመነው አባዬ ነው፤ በዚያ ዓይኑ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ። ሳስበው የምገባበት ጠፋኝ።

ጥር 16

የሠርግ ሰሞን ነው። ሥራ በሥራ።

ዛሬ አንዲት ሙሽራ በነጭ ቬሎ መጣች። ለዲጂታሉ አያስፈልግም፤ ቢሆንም ስልኬን ጉንጯ ድረስ አስጠግቼ ለካሁ። «ምነው፣ ልትስሚኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ሚዜዎቿም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ ጥቂት ቆየሁ።

ጥር 18

ከማታው የዒሻ ሶላት በኋላ አባዬ ጠራኝ። ፎቶውን ከግድግዳ አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። «እስቲ ንገሪኝ» አለኝ። «ምኑን?» «ፊቷን። አንቺ በስልኩ አይተሻት የለም? ስትስቅ። እኔ ያን ጊዜ መስታወቷ ውስጥ ያየሁት ነጭ ነገር ብቻ ነበር።»

ስለዚህ ነገርኩት። ሻሿ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽቶ እንደነበር፣ ከጎኑ ሽበት መታየቱን፣ ዓይኗ ቢጫ ቢሆንም ስትስቅ እንደ ድሮዋ መጨፈኑን። ፎቶው ላይ በጣቴ እያሳየሁ ነው የምነግረው፤ ጥቁሩ ላይ። እሱም ጣቴን በጣቱ ይከተላል። «እሺ፣ ከዚያስ» ይላል። ከሞተች ወዲህ እንደዚህ ሲረጋጋ አላየሁትም።

«ስትስቅ ደግሞ በቀኝ በኩል ጉንጯ ስርጉድ አለ» አልኩት።

«በግራ ነው» አለኝ።

«ቀኝ ነው አባዬ። አየሁት እኮ።»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። ግራ ነው።»

እርግጠኛ ነበርኩ፤ ትንሽ ቆይቼ እርግጠኛ አልነበርኩም። አባዬም ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ ወስዶ እዚያው ተወው። «ሙስዓብን ጠይቂው» አለኝ፤ ድምፁ ፈርቷል።

ደወልኩለት። ጥቂት አሰበ።

«ሁለቱም ጋ አልነበረም እንዴ?» አለ።